መስኮቶቹ የነበሩበት ግድግዳ

ሰኞ ማታ

ተመለስኩ። ከቀብሩ በኋላ ልጄ ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄዳ ነበር፤ ዛሬ «ሥራ አለኝ» ብያት መጣሁ። ቤቱ እንደተውኩት ነው። የባለቤቴ ካፖርት በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። በሩን ስከፍተው ካፖርቱም አብሮ ተወዛወዘ። አልነካሁትም።

ይህንን ደብተር የገዛው እሱ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀን ጽፎ፣ ከቀኑ በታች ምንም ሳይጽፍ ትቶታል። ያንን ገጽ ዘልዬ ጀመርኩ።

ሻንጣዬን አስቀምጬ ወደ ልብስ ማጠቢያችን ሄድኩ። ጉልቤ በር ላይ ነበረች። ጉልቤ የተባለችው ድሮ ሆቴል ውስጥ አብረን ስንሠራ ነው፤ ለሁለት ሰው የሚከብደውን ብርድ ልብስ ብቻዋን ጠምዝዛ ትጨምቀው ስለነበር። እናቷ ያወጣችላትን ስም ሰው ሁሉ ረስቶታል።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ።

«ደግሞ ምን ልታደርጊኝ ነው?»

«ጨፍኚ ስልሽ ጨፍኚያ! አንቺ ሴትዮ መቼም ሰው አታምኚ።»

እርጥብ ፎጣ ዓይኔ ላይ አሰረችብኝ። በረኪና በረኪና ይሸታል። ሌሎቹ አጣቢዎች ግራና ቀኝ ይዘው መንገዱ ዳር ወሰዱኝ። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ፣ አንዷ ስትስቅ፣ ሌላዋ «ኧረ ዝም በሉ» ስትል ይሰማኛል። ፎጣው ተፈታ።

በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳችን ከዳር እስከ ዳር ተለስኖ ነጭ ሆኗል። ነጩ ላይ በከሰል የተነደፈ ትልቅ የሴት ፊት አለ። ሻሽ፣ ጉንጭ፣ አገጭ። ዓይኖቹ ገና አልተሠሩም።

«ማን ናት?» አልኩ።

ከልቤ ነበር የጠየቅኩት። እነሱ ቀልድ መስሏቸው በሳቅ ፈነዱ።

«አንቺ ነሽ እንጂ! ይሄን አገጭ ከማን እንዋሰው?» አለች ጉልቤ።

ከተማው ዘንድሮ ሰፈር ያቀኑ ሴቶችን ያከብራል። ዝናቡ ሊያልፍ ሲል፣ በትልቁ አዳራሽ። ከእኛ ሰፈር የተመረጥኩት እኔ ነኝ። «ከተማው ወረቀት ይስጥሽ፤ እኛ ግድግዳ ሰጥተንሻል» አለችና አቀፈችኝ። ሌሎቹም ተራ በተራ አቀፉኝ። አንዷ ለሌላዋ «እስቲ ትንሽ ፈገግ ብትል ብለን ነው» ስትል ሰማሁ።

ፈገግ አልኩ።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው ትዝ ያለኝ። ያ ግድግዳ ላይ ሦስት መስኮቶች ነበሩን።

ማክሰኞ

ደፍነዋቸዋል። ብሎኬት አስገብተው፣ ለስነው፣ ቀለም ቀብተው። ከውስጥ ሲታይ እንኳ ቦታቸው አይለይም።

ሠዓሊው መስኮቶቹ ልክ ዓይኖቼ ላይ እንደሚያርፉ ነግሯቸው ነበር አሉ። ዝቅ አድርጌ ልሣል ቢል አገጩ መንገድ ላይ ሊወርድ ነው። ጉልቤ ታዲያ «የሷንማ ዓይን አላስቦረቡርም፤ ይደፈን!» አለች። ሁሉም ተስማሙ።

ሌላ መስኮት የለንም። በአንድ በኩል ወፍጮ ቤት፣ በአንድ በኩል የትምህርት ቤቱ አጥር ተለጥፎብናል። በሩ ወደ ጓሮ ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጎርፍ ስለሚያስገባ ይዘጋል።

ሆቴሉ ተዘግቶ ሁላችንም ሜዳ ላይ ስንቀር ይህን መጋዘን የተከራየነው መስኮት ሳይኖረው ነው። ያኔ በየተራ እየወጣን እንተነፍስ ነበር። አዲስ ገንዳ እንሥራ ስል «ገንዳው ይቆይ፣ መጀመሪያ መስኮት» ያለችኝ ማን ሆነችና! ራሷ ጉልቤ። ግንበኛውን ይዛ የመጣችውም እሷ ነች።

ዛሬ እንፋሎቱ ጣሪያ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ ትከሻችን ላይ ወረደ።

«ማራገቢያ ይመጣል» አለች ጉልቤ፣ ሳልጠይቃት። «የከተማው ቢሮ ቃል ገብቷል።»

ሐሙስ

ከቢሮው የመጣው አስተባባሪ ጎበዝ ልጅ ነው። ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲል ሴቶቹ ሳቁበት። ለበዓሉ የሚታይ አጭር ፊልም ይሠራሉ።

«ሰፈሩን እንዴት እንደለወጡት በራስዎ ቃል ይንገሩን» አለኝ።

«ልብስ አጠብን።»

«ሰፋ አድርገው ቢሉት።»

ሰፋ አድርጌ አልኩት። ድሮ ይህ መንገድ ላይ የሚቆም ሰው እንዳልነበረ። እኛ የክሊኒኮቹንና የእንግዳ ማረፊያዎቹን አንሶላ ማጠብ ስንጀምር የካውያዋ ሴት ጥጉን ተከራይታ መተኮስ እንደጀመረች፣ ከዚያ ቁልፍ የሚተክል ልብስ ሰፊ እንደመጣ፣ ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ የልጆች ማዋያ ክፍል። ስናገር የሌላ ሰው ታሪክ የማነብ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ሴት ነበረች፤ እንዲህ አደረገች።

ስለ ኪስ አሠራራችንም ጠየቀኝ፤ ሰው ነግሮት። አሳየነው። ከመዘፍዘፋችን በፊት ኪስ ስንፈትሽ ያገኘነውን ጮክ ብለን እንጠራለን፤ ማዶ ያለችው «ተቀበልኩ» ትላለች። ማንም ማንንም እንዳይጠረጥር ብላ ጉልቤ ያመጣችው ነው። የአንድ መምህር ኮት አንስታ ጠራችለት።

«ጠመኔ!»

«ተቀበልኩ!»

«የሎተሪ ቲኬት!»

«ተቀበልኩ! ካሸነፈ ግን አልተቀበልኩም!»

ልጁ እየሳቀ ቀረጸ። ጉልቤ የሚቀጥለውን ልትጠራ ስትል ድምጿ ተያዘ። ዞር ብላ ሳለች። ልጁ መቅረጫውን አጠፋ፣ ጠበቀ፣ እንደገና አበራ።

«ብርድ ነው» አለች።

ቅዳሜ

ለሠዓሊው ተቀመጥኩለት። መንገድ ዳር፣ ወንበር ላይ፣ ጃንጥላ ተይዞልኝ። የሚያልፍ ሁሉ ሰላምታ ይሰጠኛል። እጄ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ያለ ሥራ ሲቀመጥ የኔ አይመስልም።

«እትዬ፣ የሆነ ነገር ያስቡ። ዓይንዎ ባዶ ሆነብኝ» አለኝ።

ምን ላስብ? አንሶላ አሰብኩ።

«አሁን ደህና ነው» አለ።

ሰኞ

ማራገቢያው አልመጣም።

ልብሱ ውጪ ስለማይሰጣ ገመዱ ሁሉ በውስጥ ተዘርግቷል። በተሰቀለው አንሶላ መሃል ስንሄድ አንተያይም፤ የምንሰማማው በድምፅ ነው። ጉልቤን ከሳሏ አውቃታለሁ፣ የት ጋ እንዳለች። ከሳሉ በኋላ ደግሞ የከረሜላ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። የሳል ከረሜላ በጉንጯ ወትፋ ነው የምትውለው።

ትንሿ አጣቢ ራሷን አዞራትና ጓሮ አስወጣናት። «ቁርስ አልበላች ይሆናል» አለች ጉልቤ። እኔም «ቁርስ ብሉ እንጂ እናንተ ልጆች» አልኩ። አልኩ።

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬ እነግራታለሁ። ምን ይከብዳል? ጉልቤ፣ መስኮቶቹ ይከፈቱ። በቃ። ሦስት ቃል ነው።

ረቡዕ ማታ

አልነገርኳትም።

ጓሮ ጠራኋት። እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ዓይኗ ግን ይስቃል።

«ምነው? ዓይንሽን አየሽው እንዴ? ዛሬ የግራውን ጨረሰልሽ እኮ!»

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

«ቆንጆ ነው።»

«ሴቶቹ ገንዘቡን ያወጡት ከጉሮሯቸው ነጥቀው ነው፤ ታውቂያለሽ አይደል? ትንሿ እንኳ አልቀረችም። ማንም አላስገደዳትም። እኔ እንዲያውም ተይ ብያት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ልትዪኝ ነበር?»

«በረኪናው አልቋል» አልኳት። አላለቀም ነበር። ሄዳ አየችው፤ ተመልሳ መጥታ ገንዳዋ ላይ አጎነበሰች።

ይሉኝታ ነው። ግን ይሉኝታ ብዬ ስጽፈው የሚያንስ ነገር ይሆንብኛል። ባሌን ቀብሬ፣ አፌም ዓይኔም ደርቆ በሰው ቤት ስቀመጥ እነዚህ ሴቶች ይህንን ግድግዳ ሲያስለስኑ ነበር። ሌላ የሚሰጡኝ ቢያጡ ፊቴን ሠሩልኝ። አሁን ተነሥቼ ስጦታችሁ እያፈነን ነው ልበል? ለሷ ልበል? ዓይኗን በጨው ያጠበች ሴት ትችለው ይሆናል።

የካውያዋ ሴት ትናንት ለሻይ ሻጯ ስትነግራት ሰምቻለሁ። «እሷ ራሷ ዝም ካለች እኔ ማን ነኝና ልናገር? የሷ ፊት አይደል?» ሁሉም ያውቃሉ ማለት ነው። ሁሉም እኔን እየጠበቁ ነው። ወይ ደግሞ ሁሉም እንዳያስቀይሙኝ እየፈሩ ነው። እኔ እነሱን፣ እነሱ እኔን።

እሑድ

ልጄ ደወለች።

«እማ፣ ካፖርቱን አጠብሽው?»

«ዝናብ ነው፤ አይደርቅም።»

«ሥራሽ ልብስ ማጠብ አይደለም እንዴ?»

«አጥበዋለሁ።»

 ከዚያ «አባዬ እኮ ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ…» ብላ ጀመረች። ማሰሮው ገነፈለብኝ ብዬ ዘጋሁት። እሳት ላይ ምንም አልነበረም።

የነገረን ነገር አልነበረም። ደረቱ መታመሙን ያወቅነው ሐኪም ቤት ከገባ በኋላ ነው። ወገቤን ያመኛል ብሎ ሳሎን መተኛት ጀምሮ ነበር። ሶፋው ለወገብ ደግ ነው ብሎ። ሶፋው ለማንም ወገብ ደግ አይደለም፤ መሃሉ ሰርጉዷል። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ማክሰኞ

ጉልቤ ወደቀች።

ማክሰኞ፣ ትንሽ ቆይቶ

እጄ አሁን ይጽፋል።

የክሊኒኩን አንሶላ እየጨመቅን ነበር። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሷ አንዱን። ሁልጊዜ እንደምናደርገው እኔ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ስንጠመዝዝ ጫፉ በእጄ ላላ። ለቀቀችው መሰለኝና «ያዢ እንጂ» አልኳት። ጮኼባት ነው እንኳ። አንሶላው መሬት ወረደ። ከማዶ ስትቀመጥ አየኋት፤ ወድቃ አልነበረም፣ ቀስ ብላ እንደ መቀመጥ ነው ያለችው። አፏ ተከፍቷል። አየር ይገባል፣ አይወጣም። ከንፈሯ ሌላ መልክ ሆኗል።

በበሩ አወጣናት። ዝናቡ ፊቷ ላይ ሲወርድ ትንሽ ቀለል አላት። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ በጋሪው ጤና ጣቢያ አደረሰን። መንገድ ላይ እጄን ይዛ «አንሶላው» አለችኝ። «መሬት ነክቷል። ይታጠብ።»

ረቡዕ

ሐኪሟ ወጣት ናት። ጉልቤ አፍንጫ ላይ ያደረጉትን የአየር ቱቦ አስተካክላ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ የሚሠሩት ምንድን ነው?»

«ልብስ አጥባለሁ።»

«በሙቅ ውሃ? በበረኪና?»

«አዎ።»

«የሚሠሩበት ቤት አየር ይገባል? መስኮት አለው?»

«እንዴታ!» አለች ጉልቤ። «ሦስት መስኮት አለን።»

ብላ አየችኝ። ሐኪሟም ዞራ አየችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ነቀነቅኩ። እዚህ ደግሜ የጻፍኩት ደጋግሜ እንዳየው ነው። አንገቴ ነው የነቀነቀው፣ እኔ አልነበርኩም ብል ማን ያምነኛል።

«ጥሩ» አለች ሐኪሟ። «እንግዲያው ከመስኮቱ ሥር ሆነው ይሥሩ። እንዲህ ሆነው ዳግም ከመጡ ግን እኛ ጋ ያለው ነገር ላይበቃዎት ይችላል። ደረትዎ ተጎድቷል። እየነገርኩዎት ነው።»

ስትወጣ ጉልቤ ዓይኗን ከድና ቆየች። የተኛች መሰለኝ።

«የቀኙን ዓይን ጨረሰው?» አለች።

«ጨረሰው።»

«ሰኞ ስወጣ አየዋለሁ። ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

«ቆዪ እንጂ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

«በዓሉ ሳምንት አይደል? ማን ያሰናዳልሻል? አንቺማ ሻሽሽን እንኳ በወጉ አታስሪም።»

ሐሙስ

ሰኞ ትገባለች። ቅዳሜና እሑድ ማጠቢያው ዝግ ነው።

ብነግራት ምን ትላለች? «ይደፈን» ያለችው ራሷ ናት። በራሴ እጅ፣ በራሴ ደረት ላይ፣ ብላ ታስባለች። ትንሿንም ያዞራት በኔ ነው ትላለች። ሌት ተቀን ስታስበው ትኖራለች። አውቃታለሁ፤ አንዴ የሰው ሸሚዝ ቀለም ለቆባት ስንት ወር ስታነሣው ነበር።

ስለዚህ ሌላ ምክንያት መኖር አለበት። የኔ የሆነ።

ዓርብ

ሽማግሌውን ግንበኛ አስጠራሁት። መስኮቶቹን ያኔ የከፈተልን፣ አሁን የደፈነልን እሱ ነው።

«እኔ ከፍቼ፣ እኔ ደፍኜ፣ መልሼ እኔ ልከፍት!» አለ። «እሜቴ፣ እናንተ ሴቶች ባትኖሩ እኔ ጦሜን አድር ነበር።»

«ነገ ጠዋት ና።»

«ሠዓሊው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ጉልቤስ?»

«ነገ ጠዋት ና አልኩህ።»

ቅዳሜ

ቀኑ ደረቅ ነበር። ሴቶቹ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ሁሉም መጡ። መንገዱ ማዶ ተሰልፈው ቆሙ። ሻይ ሻጯ ምድጃዋን አጠፋች።

ፊቱ አልቆ ነበር። ደህና አድርጎ ሠርቶኛል። የምታስብ ሴት ትመስላለች።

ግንበኛው መወጣጫው ላይ ወጣና መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

«እሜቴ፣ በቁም ያለ ሰው ዓይን ላይ እንዴት መዶሻ አነሣለሁ?»

«ቀለም ነው። ምታው።»

«ከየቱ ልጀምር?»

«ከግራው።»

መታው። ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ትንሿ አፏን በእጇ ያዘች። የሚሰማው መዶሻው ብቻ ነው።

የካውያዋ ሴት መንገዱን ተሻግራ መጣች። «እትዬ፣ ምን በደልንዎት?»

ያዘጋጀሁትን አልኩ። «ፊቴን እዚያ ላይ ማየት አልቻልኩም። አስጠላኝ።»

«አስጠላኝ?»

«አዎ።»

ቁልቁል አየችኝ። «ለካ እኛ የሠራነው አይመጥንዎትም ኖሯል» አለች። ለሌሎቹም እንዲሰማ ጮክ ብላ ነው ያለችው። ተበተኑ። ሻይ ሻጯ ምድጃዋን መልሳ አልለኮሰችም።

ወደ ውስጥ ገብቼ አንድ በርሜል ውሃ አፈላሁ፤ ለማየት። ከዚያ ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ብቻዬን ቆምኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ግራ ዓይኔ በነበረበት በኩል እንፋሎት ወጣ፤ እንደሚያፍር ሰው ቀስ ብሎ። ከዚያ በመሃሉ። ከዚያ በቀኙ።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ግንበኛው «ፍሬሙን ነገ» ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ

ጉልቤ ከጤና ጣቢያ ወጣች። ሐኪሟ ወደ እንፋሎት እንዳትመለስ ከልክላታለች፤ ከጎረቤቷ ነው የሰማሁት። ልጠይቃት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የወንድሟ ልጅ ናት።

«ተኝታለች።»

ከውስጥ ሳሏ ተሰማ።

«ተኝታለች» አለች ልጅቷ እንደገና፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ።

ስመለስ የጉልቤ ድምፅ በመስኮት ተከተለኝ። ለኔ አልነበረም፤ ግን ለኔ ነበር። «ፊቷን ግድግዳ ላይ አሥለሽ፣ አስቀብተሽ… አስጠላኝ! አስጠላኝ አለች! እሷ!» ከዚያ ሳል።

ተቆጥታ ስትጮህ ትንፋሿ ረዘም ያለ መሰለኝ። መንገድ ላይ ቆሜ እስኪያልቅ አዳመጥኩ።

ረቡዕ

በዓሉ።

አዳራሹ ሙሉ። ከእኛ ሴቶች ሦስቱ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ጉልቤ የለችም። ወንበሯ ላይ የሰው ቦርሳ ተቀምጧል።

ፊልሙ ታየ። ግድግዳው ከነዓይኑ፣ ከመፍረሱ በፊት የተቀረጸ። «ጠመኔ!» «ተቀበልኩ!» ሰው ሳቀ። የጉልቤን ሳል ቆርጠው አውጥተውታል። አስተባባሪው ንግግር አደረገ፤ «የሰፈራችን ዓይን» አለኝ። አጨበጨቡ። ወረቀቱን ተቀበልኩ። በመስታወት ነው፣ ከባድ ነው።

ጥቂት ቃል እንድል ጠየቁኝ።

«መጀመሪያ መስኮት ያለችው እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ጉልቤ ናት። እኔ ገንዳ ነበር ያልኩት።»

ወረቀቱን አቅፌ ወረድኩ። ኋላ አጨበጨቡ፤ ምን እንዳልኩ ገብቷቸው አይመስለኝም። የካውያዋ ሴት ብቻ አላጨበጨበችም። አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

ዓርብ

ሥራ። ሴቶቹ ከሥራ በቀር አያናግሩኝም። «እትዬ፣ ሳሙና።» «እትዬ፣ ተራዬ ነው።»

ትንሿን አላዞራትም።

ሰኞ

የካውያዋ ሴት ካውያዋን እያጋለች፣ ሳታየኝ፣ «አየሩ ተሻሽሏል» አለች። «አዎ» አልኩ። ሌላ የለም።

ሐሙስ

ዝናቡ አለቀ መሰል።

ጠዋት ስደርስ ግድግዳው ሥር፣ መንገዱ ዳር፣ የተደፋ ገንዳ ላይ ጉልቤ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ። ከጎኗ ሌላ ገንዳ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳሙና። ከላይዋ የኔ ፊት፤ ሻሹና ከዓይን በታች ያለው ብቻ።

ቆምኩ። አልዞረችም።

«ውሸታም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ፊቴ አስጠላኝ ብለሻል አሉ። ሆቴል ስንሠራ ክፍል ልናጸዳ ስንገባ መስታወት ባየሽ ቁጥር ቆመሽ ሻሽሽን ታስተካክዪ አልነበር? ተቆጣጣሪዋ ስንት ጊዜ ነው በዚህ የቀጣችሽ? ፊትሽ አስጠልቶሽ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ።»

እጄ ወደ ሻሼ ሄደ።

«የካውያዋ ሴት መጥታ ነገረችኝ። አዳራሽ ያልሽውን።» ሳለች፤ አጭር ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ? ሦስት መስኮት አለን አላልሽም?»

«አንቺስ ራስሽን አልነቀነቅሽም?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም መንገዱን አየን። ከበላያችን እንፋሎቱ እየወጣ ፀሐዩ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ሻይ ሻጯ ሳንጠይቃት ሁለት ብርጭቆ አምጥታ አስቀመጠችና ሄደች።

«እንግዲህ ውስጥ አልገባም» አለች ጉልቤ። «ውጪ እቀበላለሁ፤ ቀዝቃዛውን አጥባለሁ። ሐኪሟ ቀዝቃዛውን አልከለከለችኝም። ወይ አልጠየቅኳትም።»

«ጥሩ።»

«ያንን ካፖርት አምጪው።»

«የቱን?»

«አንቺ ሴትዮ፣ በሞቴ!»

ሄጄ አመጣሁት። ከሚስማሩ ሳወርደው ቀላል ነበር፤ ከባድ ይሆናል ብዬ ነበር።

ጭኗ ላይ ዘረጋችው። እንደ ደንባችን ኪሱን ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ ቆምኩላት፤ አንዷ ትጠራለች፣ አንዷ ማዶ ትቆማለች። ሴቶቹ ከጓሮ መጥተው ግድግዳው ጥግ ቆሙ።

«መሐረብ!» አለች።

«ተቀበልኩ።»

«የበር ቁልፍ!»

«ተቀበልኩ።»

እጇን የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተተች። የሚንኮሻኮሽ ነገር ተሰማኝ፤ መንገድ ማዶ ሆኜ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። እሷም አወቀችው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እጇን አላወጣችም።

«ጥሪው» አልኳት።

«ይቅር።»

«ጥሪው፣ ጉልቤ።»

አወጣችው። እፍኝ ሙሉ ነው። የተጨማደደ፣ ትንንሽ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተጠቀለለ።

«የሳል ከረሜላ ወረቀት» አለች። እንደ ልማዷ አልጮኸችም። «ብዙ ነው።»

ጉልቤ እጇን እንደዘረጋች ጠበቀችኝ።

«ተቀበልኩ» አልኩ።

ያኔ ካፖርቱን ውሃው ውስጥ አስገባችው።